የሮታሪ ሞተር ቤንዚን ሲያፍነውና ሲሞቅ አልነሳ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ የመመርመሪያ መመሪያ

በሮታሪ ሞተር የሚሠራውን ማዝዳ አርኤክስ 8 የሚነዱ ሰዎች ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱ ሳይቋረጡ ይደጋገማሉ። አንደኛው «መኪናውን ለማጠብ ከጋራዥ አውጥቼ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሠራ አጠፋሁት፤ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ጠዋት በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላስነሳው ስል ግን እምቢ ይለኛል» የሚል ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ ከ2003 እስከ 2012 ለተመረተው አርኤክስ 8 ሲሆን፣ አብዛኛው ሐሳብ ለአርኤክስ 7ም ይሠራል። ልዩነት ባለበት ቦታ ለይቼ እጠቅሳለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በሮታሪ ሞተር ውስጥ ፒስቶንና ፋሻ የለም፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሮተር በቤቱ፣ ማለትም በዙሪያው ባለው የሞተር አካል፣ ውስጥ እየዞረ አየሩን ያምቃል። እመቃው፣ ጋራዦች ኮምፕሬሽን የሚሉት ማለት ነው፣ እንዳያመልጥ የሚይዙት በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይና በጎኖቹ ላይ የተተከሉ ቀጫጭን ሲሎች፣ ማለትም ማሸጊያዎች፣ ናቸው። እነዚህ ሲሎች በደንብ የሚዘጉት ቀጭን የዘይት ሽፋን ሲኖራቸው ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒውተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ያልነደደው ቤንዚን ውስጥ ይቀራል፣ ዘይቱንም አጥቦ ይወስደዋል። ዘይቱ ከታጠበ እመቃ ይጠፋል፣ እመቃ ከጠፋ ሞተሩ አይነሳም፣ ባለቤቱ ደግሞ ደጋግሞ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን ይገባል። ካንዴላዎቹም ይርሳሉ፤ የረጠበ ካንዴላ ደግሞ እሳት አይሰጥም። ሲሞቅ አለመነሳትም መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው የመዝጋት ችግር ነው፤ ነገር ግን ባትሪ፣ ሞተሪኖ፣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ወይም አንድ ርካሽ ሴንሰር ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ እነዚህ ሳይጣሩ በሞተሩ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መልቲሜትርና የባትሪ ቻርጀር
- ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የመኪና መደገፊያዎችና የጎማ መክፈቻ
- 21 ሚሊ ሜትር የካንዴላ ቡሶላ፣ ማራዘሚያና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ
- አራት አዲስ ካንዴላዎች፣ ሁለት ለታችኛው ሁለት ለላይኛው ቀዳዳ
- 20 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ መርፌ ከአጭር ቱቦ ጋር
- ንጹሕ የሞተር ዘይት፣ በኋላም ለመለወጥ የሚበቃ ዘይትና ፊልትሮ
- በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሞተሩን ዙርና ሙቀት የሚያሳይ ስካነር
- የካንዴላ እሳት መፈተሻ
- ለሮታሪ የተሠራ የእመቃ መለኪያ፤ ከሌለ መርፌ ያለው ተራ መለኪያና በዝግታ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ
- ጓንት፣ መነጽር፣ ጨርቅና ለቤንዚን እሳት የሚሆን ማጥፊያ

ጥንቃቄ

ሥራውን ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሥሩ። ከሞተሩ በካንዴላ ቀዳዳ የሚወጣው ቤንዚን እንደ ጉም ይረጫል፤ ቦቢናዎቹ ሳይነቀሉ ሞተሩን ማዞር ማለት በዚህ ጉም አጠገብ እሳት መጫር ማለት ነው። ሲጋራ፣ የሚነድ ከሰልና የጋዝ ምድጃ በአቅራቢያ አይኑር። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥተው ከሥሩ ፈጽሞ አይግቡ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ለብዙ ደቂቃዎች ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ ስለሚያወጣ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ክፍል አንድ፦ ቤንዚን ያፈነውን ሞተር ማስነሳት

1. ቁልፉን ማዞር ያቁሙ፣ ድምፁንም ያስታውሱ። ጤናማ ሮታሪ በሞተሪኖ ሲዞር እንደ እስትንፋስ የሚቆራረጥ ምት ይሰማል። ቤንዚን ያፈነው ግን ያለ ምት፣ በአንድ ወጥ ድምፅ፣ ከወትሮው ፈጥኖ ይዞራል፤ ምክንያቱም የሚያምቀው አየር ስለሌለ ሞተሪኖውን የሚታገለው ነገር የለም። ከጭስ ማውጫው የቤንዚን ሽታ ካለና መኪናው መጨረሻ የጠፋው ሳይሞቅ ከሆነ፣ ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል። ሽታ ከሌለና ምቱ የሚሰማ ከሆነ ግን ችግሩ የእሳት ወይም የነዳጅ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ወደ ክፍል ሁለት ይለፉ።

2. ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ይሙሉ። ሙሉ ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህ እርምጃ የሚዘለል ቢመስልም የሁሉም መሠረት ነው፤ ሲሎቹ ደርቀው እመቃው ባነሰበት ጊዜ ያለውን ጥቂት እመቃ የሚጠብቀው የመዞሪያው ፍጥነት ብቻ ነው።

3. የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ይያዙና ቁልፉን ያዙሩ። በአርኤክስ 8 ላይ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ሞተሪኖው ሲዞር ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል፤ አየር ብቻ ስለሚገባ የተጠራቀመው ቤንዚን ይጠረጋል። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አያስበልጡ፤ በየመካከሉ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ሞተሩ መንደድ ከጀመረ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ አይልቀቁ፤ ቀስ እያሉ ያንሡት። በቆየ አርኤክስ 7 ላይ ግን ፔዳሉን መርገጥ ብቻውን ነዳጅ እንደሚቆርጥ አይተማመኑ፤ የፓምፑን ፊውዝ ያውጡ። አራት ወይም አምስት ሙከራ ካልሠራ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

4. ነዳጁንና እሳቱን ይቁረጡ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ያውጡ፤ ቦታው በመኪናው መጽሐፍና በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። ከዚያ የአራቱንም ቦቢናዎች ሶኬት ይንቀሉ። ሁለቱም መቆረጥ አለባቸው፤ እሳቱን ብቻ ቆርጦ ፓምፑን መተው የሚጠረገውን ቤንዚን በአዲስ መተካት ነው።

5. የታችኞቹን ካንዴላዎች ይፍቱ። እያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለው፤ ሁሉም በሞተሩ ግራ ጎን ስለሚገኙ የግራውን የፊት ጎማ አውልቆ መሥራት ይቀላል። ኬብሎቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሷቸው ወይም በቴፕ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ተለዋውጠው ከተሰኩ ሌላ ቀን ሙሉ የሚያስፈልግ ችግር ይፈጥራሉ። የካንዴላው ጫፍ እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግምትዎ ተረጋግጧል። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ሞተሩ ከዚያ በፊትም ቤንዚን ይበዛበት ነበር ማለት ነው፤ ነጭና ተበልቶ ያለቀ ከሆነ ዕድሜው አልፏል።

6. ቤንዚኑን ያስወጡ። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍነው፣ ፊትዎን አርቀው፣ ረዳትዎ ፔዳሉን ረግጦ ሞተሩን ለ5 ሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያዞረው ያድርጉ። የታችኛው ቀዳዳ የተመረጠው ቤንዚን በስበት ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። በአርኤክስ 8 ላይ የጭስ መውጫዎቹ በጎን ግድግዳዎች ላይ ስለሆኑ፣ በቤቱ ውስጥ የተኛ ቤንዚን እንደ አሮጌዎቹ ሞተሮች በጭስ መንገድ በቀላሉ አይወጣም።

7. ለሲሎቹ ዘይታቸውን ይመልሱላቸው። በመርፌው 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት በአንዱ ቀዳዳ ያስገቡ፣ ከዚያ የፊተኛውን ፑሊ በእጅ ቁልፍ ከፊት ለሚያይ ሰው በሰዓት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ፣ እንደገና 5 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ ሦስተኛም ይድገሙት። ፑሊው የተያያዘበት የሞተሩ ዘንግ ሦስት ዙር ሲዞር ሮተሩ አንድ ዙር ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የዘንግ ዙር ቀጣዩን የሮተር ፊት፣ ማለትም በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለውን ገጽ፣ ወደ ቀዳዳው ያመጣል። ዘይቱን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ሦስቱንም ፊቶች አያዳርስም፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው «ዘይት ጨምሬም አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ስለሚቸኩል ነው። ወደ ኋላ አያዙሩት። በሁለተኛውም ሮተር ላይ እንዲሁ ያድርጉ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹ ክፍት እንዳሉ ትርፉ ዘይት እንዲወጣ ሞተሩን በሞተሪኖ ለሁለት ሰከንድ ያዙሩት።

8. አዲስ ካንዴላዎችን ይግጠሙ። የታችኛውና የላይኛው አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአርኤክስ 8 ካንዴላዎች ላይ የታችኛው የመለያ ቁጥር ኤል በምትባለው የላቲን ፊደል፣ የላይኛው ደግሞ ቲ በምትባለው ይጨርሳል። የሙቀት ደረጃቸው ስለሚለያይ መቀያየር ሞተሩን ይጎዳል። መጀመሪያ በጣትዎ ብቻ ያስገቧቸው፤ ከጠነከረብዎ ጥርሱ ስላልተገጣጠመ አውጥተው ይድገሙ። ከዚያ በ15 ኒውተን ሜትር ገደማ ያጥብቁ። ቤቱ አልሙኒየም ስለሆነ የተበላሸ ጥርስ ጥገናው ከባድ ነው።

9. ያስነሱት። ቦቢናዎቹንና ፊውዙን ይመልሱ፣ ፔዳሉን ረግጠው ለ5 ሰከንድ ያዙሩ፣ ከዚያ ፔዳሉን ቀስ ብለው ወደ ሩቡ ያንሡት። ሲነሣ ይንገዳገዳል፣ ያጨሳል፤ አያጥፉት። በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ይዘው የሙቀት መርፌው መሃል እስኪደርስ ያቆዩት። በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ያልነደደ ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ከመጠን በላይ ሊያግለው ስለሚችል በዚህ ጊዜ ሞተሩን አያስጩኹት፣ ከደረቅ ሣር ላይም አያቁሙት። በመግፋት ወይም በመጎተት ማስነሳትን የማልመክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

10. ዘይቱን በዚያው ቀን ይለውጡ። ቤንዚን ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ ያቀጥነዋል፤ ቀጭን ዘይት ደግሞ ገና የዳኑትን ሲሎች እንደገና ያደርቃል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ሲያሸቱት ቤንዚን ከሸተተ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

እንዳይደገም መኪናውን ለጥቂት ሜትር ለማንቀሳቀስ ብቻ አያስነሱት። ግድ ከሆነ እስኪሞቅ ይታገሡ፤ ካልተቻለ ደግሞ 3000 ዙር ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል ይያዙትና ዙሩ ሲወርድ ያጥፉት፤ በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይነዳል፣ ይጠረጋልም። ሞተሩ እየሞቀ፣ እየሠራና ይህን ሁሉ እያደረጉለት በየወሩ የሚታፈን ከሆነ ግን ምክንያቱ አነዳድ አይደለም፤ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይለፉ።

ክፍል ሁለት፦ ሲሞቅ የማይነሳበትን ምክንያት መለየት

ከቀላሉና ከርካሹ ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው የእመቃ ልኬት ትክክል የሚሆነው የፊተኞቹ ሲጣሩ ብቻ ነው።

1. በወረቀት ይመዝግቡ። ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ወዲያው ካጠፉ በኋላ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለመነሳት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጻፉ። ወዲያው ተነሥቶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ብቻ እምቢ የሚል ሞተር የሙቀት መጠራቀም ችግር ያመለክታል፤ በሞቀ ቁጥር ምንጊዜም የሚያስቸግር ደግሞ ወደ እመቃ ያዘነብላል።

2. የመዞሪያውን ፍጥነትና ቮልቴጁን ይለኩ። ስካነሩን ሰክተው ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር በቀዝቃዛውም በሙቁም ዙሩን ያንብቡ። የማዝዳ የእመቃ ልኬት መነሻ የሚያደርገው በደቂቃ 250 ዙር ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የሚዞር ሞተር ላይ ሌላ ፍርድ መስጠት አይቻልም። የባትሪው ቮልቴጅ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ይጠርጥሩ። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ዙሩ ሲሞቅ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ፣ በሚዞርበት ጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ያለውን የቮልት ኪሳራ ይለኩ፤ ከ0.5 ከበለጠ ኬብሉ ወይም ማያያዣው ነው። በነጌቲቩ በኩል ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ኬብሎቹ ጤናማ ከሆኑ ሞተሪኖው ራሱ ደክሟል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አርኤክስ 8 ላይ የተገጠመው ሞተሪኖ ኋላ ከመጡት ደካማ ነበር፤ ስለዚህ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

3. እሳቱን እምቢ ባለበት ቅጽበት ይፈትሹ። የአርኤክስ 8 አራቱ ቦቢናዎች በሙቀት የሚደክሙ ናቸው፤ ቀዝቅዘው ሲፈተኑ ጤናማ መስለው ሲግሉ እሳታቸው ይሳሳል። ፓምፑን ቆርጠው የእሳት መፈተሻውን በየተራ ይሰኩ፤ ከአራቱ የአንዱ እሳት ቢጫና ቀጭን ከሆነ ቦቢናውን ከሌላው ጋር አቀያይረው ይድገሙ። ድክመቱ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ ቦቢናው፣ ባለበት ከቀረ ኬብሉ ነው። ኬብሉን በእጅ ይዞ እሳት መፈተን አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከርም።

4. የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ እውነት እንደሚናገር ያረጋግጡ። መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት ቁልፉን ከፍተው በስካነሩ የውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት ያወዳድሩ፤ ሁለቱ በጣም መቀራረብ አለባቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። ሴንሰሩ የሞቀውን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ካለ፣ ኮምፒውተሩ ለቀዝቃዛ ሞተር የሚገባውን ቤንዚን ይሰጠዋል፤ ጤናማው ሞተርም በየጊዜው ይታፈናል።

5. ቤንዚን በዝቷል ወይስ አንሷል የሚለውን ይለዩ። እምቢ ባለበት ጊዜ መጀመሪያ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው ይሞክሩ። ቶሎ ከተነሣ ቤንዚን በዝቷል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊኖር ይችላል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ቁልፉን ሳያስነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፣ ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ሲሠራ ከተሰማና ከዚያ በኋላ ቶሎ ከተነሣ ቤንዚኑ ግፊቱን እያጣ ነው፤ ፓምፑ ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ይመርመር። እንደ ዱባይና ሪያድ ባሉ የበጋ ሙቀት በሚበረታባቸው ከተሞች ይህኛው ምክንያት ችላ መባል የለበትም። ሁለቱም ለውጥ ካላመጡ ወደ እመቃ ይለፉ።

6. እመቃውን በሙቁ ይለኩ። ሞተሩን ወደ ሙሉ ሙቀቱ አምጥተው ያጥፉ፣ ነዳጁንና እሳቱን ይቁረጡ፣ ከሚለካው ሮተር አንድ ካንዴላ ብቻ ፈትተው መለኪያውን በእሱ ቦታ ይግጠሙ፤ ሁለተኛው ካንዴላ ተዘግቶ ይቆይ። ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ረግጠው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙሩ። ተራ የፒስቶን መለኪያ ከሆነ በውስጡ ያለችውን አየር መላሽ ከልካይ ቫልቭ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ካልወጣች ከሦስቱ ፊቶች የበረታውን ብቻ ይዛ ትቀራለች፣ የተሰበረውም ይደበቃል። ቫልቯ ስትወጣ መርፌው በእያንዳንዱ ፊት ይዘልላል፤ በ250 ዙር በሰከንድ አራት ጊዜ ስለሚሆን በዓይን መከታተል ስለማይቻል በስልክ በዝግታ ይቅረጹትና ሦስት ሦስት እያደረጉ ያንብቡት። በተራ መለኪያ የሚገኘው ቁጥር ለእርስ በርስ ማነጻጸሪያ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይበቃም።

7. ንባቡን ይተርጉሙ። ለአርኤክስ 8 መደበኛው በ250 ዙር 830 ኪሎ ፓስካል፣ ዝቅተኛው 680 ነው፤ በፒኤስአይ 120 እና 98.6 ገደማ መሆኑ ነው። በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ150፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ100 ኪሎ ፓስካል መብለጥ የለበትም። አንድ ፊት ብቻ ከወረደ፣ ለምሳሌ 750፣ 740፣ 520 ከሆነ፣ የዚያ ፊት የጎን ሲል ይጠረጠራል። ሁለት ፊቶች አብረው ከወረዱ፣ ለምሳሌ 750፣ 540፣ 530 ከሆነ፣ ሁለቱ የሚጋሩት የጫፍ ሲል ተሰብሯል ወይም ተጣብቋል ማለት ነው፤ አንድ የጫፍ ሲል ሁለት ክፍሎችን ስለሚለይ ጉዳቱ በሁለቱም ይታያል። ሦስቱም እኩል ዝቅ ካሉ አጠቃላይ ማለቅ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ዙሩንና ከፍታውን ይመልከቱ።

ከፍታው ብዙ ሰው ያሳሳተ ነጥብ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። መደበኛው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ነው። እንደ ዴንቨር ባለ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ጠለል 830 የሚያሳይ ጤናማ ሞተር በስሌት ወደ 680 ይወርዳል። በዚያ ከተማ ብዙ የኛ ሰዎች ስላሉ ይህን ማስታወስ ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ ዝቅተኛውን ብቻ አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ጋራዥ ጤናማ ሞተር ሊያስፈታዎት ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል። ውጤቱን ሲቀበሉ የእያንዳንዱን ፊት ቁጥር፣ የተለካበትን ዙርና ከፍታው ታስቦ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

ሞተሩ አልነሳ ሲል ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት እንደ ካርቡራቶር ዘመን አይረዳም፤ ወይ እስከ ወለሉ ረግጠው ይያዙ፣ ወይ እግርዎን ያንሡ። ሲሎቹ ዘይታቸው ታጥቦ ሳለ በአየር ማስገቢያው የሚነፋ የማስነሻ ስፕሬይ አይጠቀሙ፤ ድንገት ሲነድ የጫፍ ሲል ሊሰብር ይችላል። ዘይት በካንዴላ ቀዳዳ ከጨመሩ በኋላ ወዲያው እመቃ መለካትም ስህተት ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚሞላ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ ስለዚህ መኪናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ይለካ። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ደግሞ ሻጩ አዲስ ኃይለኛ ሞተሪኖ ማስገባቱን እንደ ጥቅም ከነገረዎት፣ በሙቁ የተለካ የእመቃ ወረቀት ይጠይቁ፤ ፈጣን ሞተሪኖ የደከመ ሞተርን ለጥቂት ወራት ሊያስነሳ ይችላል እንጂ ሲሉን አይጠግንም።